ውኃ የማይበቃው ውሻ

አስከሬኑ ከግቢው ሊወጣ ሲል የሟቹ ልጅ ይታየው በሩ ላይ ተጋደመ።

ሰው መጀመሪያ ሐዘኑ የጸናበት መስሎት ነበር። የዕድሩ ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ቄሶቹ ፍትሐቱን አድርሰዋል፣ ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አውጥተዋል። ይታየው ግን ዓይኑ ደረቅ ነበር። ከተጋደመበት ሆኖ ጣቱን በእንጀራ እናቱ ላይ ቀሰረ።

«አባቴ አይቀበርም! መርዛ ነው የገደለችው! ፖሊስ ሳያየው አፈር አይቀምስም!»

ኢንስፔክተር ህሩይ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ፀዳ ሲደርስ ቃሬዛው ድንኳኑ ሥር ወርዶ ነበር። ህሩይ ጡረታው የተቃረበ፣ ጨጓራው ከምንም ምግብ ጋር የማይስማማ፣ ከሰውም ከእንስሳም ብዙ ደግ ነገር የማይጠብቅ ሰው ነው። የሰው ቤት ገብቶ አይበላም፣ አይጠጣም። ባልደረቦቹ ኩሩ ይሉታል፤ እሱ ግን ቃሩን ፈርቶ ነው። ከረዳቱ ከሳጅን ስማቸው ጋር ሆኖ ግምጃውን ገለጥ አደረገና አየ። ሟቹ፣ አቶ አድማሴ፣ በጭነት መኪና ሾፌርነት ያረጁ ሰው ነበሩ። እግራቸው አብጧል። አፋቸው ዳር የደረቀ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ አረፋ አለ።

«አረፋ ደፍቆ ነው የሞተ» አለ ይታየው። «አሁን ደግሞ ውሻውን እዩልኝ።»

ለለቀስተኛው እጅ መታጠቢያ ከተቀመጠው ሳፋ ላይ አንድ ቡላ ውሻ አፉን ነክሮ ይጠጣል። ሳፋውን ጨርሶ ወደ ጀሪካኑ ሄደ፤ ከቧንቧው ጠብ ጠብ ያለውን ከጭቃው ጋር ላሰ። ከዚያ እግሩን አንስቶ የአጥሩ ሥር ጎርፍ እስኪሆን ሸናና እንደገና ወደ ሳፋው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ጥም ህሩይ በከብትም አላየም።

«ጓዴ ይባላል። ከአባቴ ሳህን የተረፈውን እየበላ ሳምንታት እንዲህ ሆነ። መርዙ አንጀቱን እየፋጀው ነው» አለ ይታየው።

ለቀስተኛው አጉረመረመ። ሴቶቹ ከእንጀራ እናቱ ከአዛለች አጠገብ አንድ በአንድ ሸሹ። ብቻዋን ስትቀር ቀና ብላ ኢንስፔክተሩን አየችው።

«በእኔ ነው የሞተ» አለች። «እግዜር ይየው፣ በእኔ ነው የሞተ።»

በፖሊስ ሥራ ከዚህ የቀለለ ቀን አይገኝም። ከሳሽ አለ፣ ሬሳ አለ፣ ያመነች ሴት አለች። ስማቸው ካቴናውን አወጣ፤ ህሩይ ግን ሆዱን አሸት አሸት አድርጎ ውሻውን ማየት ቀጠለ።

*

አዛለች ጣቢያ ከገባች በኋላ አፏን እንደ ከረጢት ቋጠረችው።

«ወይዘሮ አዛለች፣ በእኔ ነው የሞተ ብለዋል። እንዴት?»

«አልሁ እኮ።»

«ምግባቸው ውስጥ ምን ጨመሩ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መርዝ ነው?»

«መርዝ?» ፊቷ ላይ ቁጣ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ጠፋ። «ምያለሁ። የማልሁበትን አልናገርም። ስቀሉኝ ከፈለጋችሁ።»

«ለማን ነው የማሉት?»

ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳበች። ህሩይ መንገድ ሊቀይር ፈለገና ሰውየው በመጨረሻ ሰሞን እንዴት ይሆኑ እንደነበር ጠየቃት። እዚህ ላይ ትንሽ ለዘብ አለች።

«ሆድ ብሶት ነበር። ቀድሞ ተጫዋች ነው። እኔ አዲ አርቃይ ምግብ ቤት ሳለኝ ከማኪናው ሳይወርድ ሳቁ ይሰማ ነበር። ኋላ ኋላ ግን አያየኝም። ጠላ ስቀዳለት ‹ቅመሽልኝ› ይል ጀመር። በመዳፌ ጠብ አድርጌ ስቀምስ አፌን አፌን ያያል። ‹አያ አድማሴ፣ እንደ ድሮ መኳንንት አደረገህ› ብዬ ስቄበት ነበር።»

«እሳቸውስ ሳቁ?»

«የለም፤ አልሳቀም።»

የሆስፒታሉ ሐኪም ሬሳውን ከፍቶ ያየውን ተናገረ። «ሳንባው ውኃ ሞልቶታል። ልብ ሲደክምም እንዲህ ይሆናል፣ ፀረ ተባይ ሲጠጣም እንዲህ ይሆናል። ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ አልፈርምም።»

«መች ይመለሳል?»

«መንገዱ ክፍት ከሆነ ነዋ» አለና ሐኪሙ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

አድማሴ በማግስቱ ተቀበሩ። ሚስታቸው በእስር ላይ ስለነበረች አልቀበረችም። አንዲት ጎረቤት እንኳ ጣቢያ ድረስ መጥታ እግዜር ያጥናሽ አላለቻትም።

*

ስማቸው ቤቱን ሲፈትሽ ከእህል ጎታው ጀርባ የማላታይን ፀረ ተባይ ጠርሙስ አገኘ። ክዳኑ ተከፍቷል፣ ከአፉ ጎድሏል። እንደ ሠርግ ድግስ በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

«አለቀ ጌታዬ! አረፋ፣ ማላታይን፣ የእምነት ቃል። ምን ቀረ?»

«ነቀዝ ቀረ» አለ ህሩይ። «በጎንደር ዙሪያ ጎታ ኖሮት ማላታይን የሌለው ቤት ካለ አሳየኝ።»

«ውሻውስ?»

«እሱ ነው የቀረው ምስክር። ሟቹ አይናገሩም፤ ሚስቲቱ አልናገርም ብላለች። ከዚያ ሳህን የበላ ሌላ ማን አለ?»

ህሩይ ውሻ አይወድም። ልጅ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን የነከሰው ውሻ ጠባሳ ዛሬም አለ። ያም ሆኖ ጓዴን በገመድ አስሮ፣ የፖሊስ ፒክአፕ ኋላ ላይ ጭኖ፣ አዘዞ ወደሚገኘው የእንስሳት ክሊኒክ ወሰደው። በመንገድ ሁሉ እግረኛው እየቆመ «ምን አጥፍቶ ነው?» ይላል።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ዳግማዊት የውሻውን ድድ አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ዓይኑን ገለጥ አደረገች። ማላታይን የሚለውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

«ማላታይን ቢሆን ለሃጩ በተዝረበረበ፣ የዓይኑ ብሌን በጠበበ፣ በተንቀጠቀጠም ነበር። ደግሞ ወይ ቶሎ ይሞታል ወይ ቶሎ ይድናል። ሳምንታት ውኃ ሲጠጣ አይከርምም።»

«ታዲያ ውሻን ምን ያስጠማዋል?»

«ምን የማያስጠማው አለ? የግንቦት ሙቀት አለ። ጨው አለ፤ ቋንጣ የሰረቀ ውሻ ሲጠጣ ይውላል። ተቅማጥ አለ፣ ትኩሳት አለ። ከባድ ከሆነ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት። ሴት ብትሆን ማሕፀኗ መግል ይዞ ይሆናል እል ነበር።»

«ውሻም ስኳር ይይዘዋል?» ስማቸው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሳጅን፣ ስኳር ማዕረግ አይመርጥም» አለችው።

ሽንቱን ተቀብላ መመርመሪያ ወረቀቷን ነከረች። ስኳር የለበትም። እንዲያውም ቀለም እንኳ የለውም፤ ከቧንቧ የተቀዳ ይመስላል። ትኩሳት የለውም፣ ሰገራው ደህና ነው። የቀረው ኩላሊት መሆኑን ተናግራ፣ ለጥቂት ቀናት እሷ ዘንድ እንዲቆይ ጠየቀች።

«የሚበላውን ራሴ እሰጠዋለሁ፣ የሚጠጣውንም አያለሁ። ያ ቤት ያሉትን ሰዎችም ንገሩልኝ፤ ውሻ እንዲህ ሲጠማ ውኃ አይከለከልም። አብዝቶ የሚጠጣው አብዝቶ ስለሚሸና ነው። ብትከለክሉት ይሞታል።»

«ያ ቤት ያለ ሰው የለም» አለ ህሩይ። «አንዱ ተቀብሯል፣ አንዷ ታስራለች።»

*

ህሩይ ይታየውን ያገኘው አዘዞ፣ ሚኒባሱን በሚያሰልፍበት ተራ ላይ ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን አልተላጨም፣ ለሐዘንተኛ የሚገባውን ሁሉ አሟልቷል። አባቱ በሞቱባት ቀን የት እንደነበር ሲጠየቅ አፍታም አልፈጀበት።

«ደባርቅ ሠርግ ላይ። የፋሲካ ሃምሳ አይደል? ሠርጉ በየቦታው ነው። ሰው አድርሼ እዚያው አደርሁ። የሙሽራውን አባት ጠይቁ።»

ስማቸው ደውሎ ጠየቀ፤ እውነት ነው። እንዲያውም ሲያስጨፍር ነበር አሉ።

«አባትህ መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

«ልቡን ያመው ነበር። በሁዳዴ ጠበል ከገባ ወዲህ ግን ክኒን አልነካም። በዚያ ቤት ክኒን የሚባል ነገር የለም። እኔ ደግሞ የሐኪም ነገር አላውቅም፤ መሪ ነው የማውቅ።»

«ውሻው መታመሙን ሳምንታት አይተሃል። ምነው አባትህ ሳይሞቱ አልጠቆምህ?»

ይታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ። የሚኒባሱ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል።

«ማስረጃ አልነበረኝማ» አለ።

ህሩይ ወደ ፒክአፑ ሲመለስ ስማቸው ስለ ቤተሰቡ ከሰፈር የለቀመውን ነገረው። የይታየው እናት ሐረገወይን ትባል ነበር። አድማሴ የአዲ አርቃይን መንገድ ሲመላለሱ አዛለችን ከሐረገወይን ጋር እያሉ ነው የለመዷት። ሐረገወይን ሞተች፤ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ አዛለች ፀዳ ገባች። ልጁ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት እህል ቀምሶ አያውቅም።

«ታዲያ ይህ የሚያስጠረጥር እሷን ነው እሱን?» አለ ስማቸው።

«ሁለቱንም። ሂድና ለነገ ነዳጅ ሙላ።»

*

ጠበሉ ከደባርቅ ከፍ ብሎ፣ ጉም የማይለየው ገደል ሥር ነው። ህሩይ ካፖርቱን ቆልፎ፣ በእርሻው ማሳ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ወረደ። ሟቹን ያጠመቁት አባ ገብረ ኪዳን ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፖሊስ መሆኑን ሲሰሙ መስቀላቸውን አሳለሙትና ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀመጡት።

«አድማሴ ሞተ? ነፍስ ይማር። የመጣ ጊዜ እግሩ ግንድ አክሎ ነበር። ‹ልጄ፣ ክኒንህን እየዋጥህ ተጠመቅ፤ መድኃኒቱንም የፈጠረ እሱ ነው› አልሁት። እምቢ አለ። ቀንሶለት ነበርና፣ ‹እመቤቴ ካዳነችኝስ ክኒን በአፌ አይዞርም› ብሎ ተሳለ። እኔ ተሳል አላልሁትም። ሰው በራሱ አፍ ከታሰረ ማን ይፈታዋል?»

«ሚስታቸውስ ምን አለች?»

«አለቀሰች። ኋላ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ብቻዋን መጥታ ነበር።»

«ለምን?»

«ለንስሐ። ያን ልነግርህ አልችልም፤ ከእኔ ጋር ይቀበራል።» አባ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «ያላለችውን ግን ብነግርህ ኃጢአት የለብኝም። ጠላሁት አላለችኝም። ይሙትልኝ አላለችኝም።»

ህሩይ አመስግኖ ተነሣ። የቀረበለትን ቆሎ አልነካም፤ አባ በኪሱ ጨመሩለት።

ዳባትን አልፎ ሲወርድ ስልኩ ጮኸ። ዳግማዊት ናት።

«ኢንስፔክተር፣ ውሻህ ድኗል።»

«ምን ሰጠሽው?»

«ምንም። ገርሞኝ ነው የደወልሁት። በመጀመሪያው ቀን ባልዲዬን ሊጨርስ ነበር፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። ዛሬ እንደ ማንኛውም ውሻ ጠጥቶ ተኛ። ኩላሊት ደግሞ ቤት ስለቀየሩ አይድንም።»

«ታዲያ?»

«እዚያ ቤት ይበላው የነበረ አንድ ነገር ቀርቶበታል። የሚያሸና ነገር። የሰው መድኃኒት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ለልብ ሕሙማን የሚሰጥ፣ ከሰውነት ውኃ የሚያወጣ ክኒን አለ። ያን ውሻ ቢበላ ልክ እንዲህ ይሸናል፣ ልክ እንዲህ ይጠማዋል።»

ህሩይ መኪናውን ዳር አስያዘ። ያበጠውን እግር፣ ውኃ የሞላውን ሳንባ አሰበ። ለሰውየው የታዘዘው ክኒን ውሻው ሆድ ገብቷል። ውሻው ከሰውነቱ ውኃ እየተመጠጠ ሳፋ ሲልስ፣ ጌታው አልጋው ላይ በገዛ ውኃው ሰጥሟል።

*

«እኔ ልናገር፣ እርስዎ ዝም ይበሉ» አላት አዛለችን። «ዝም ማለት መሐላ አያፈርስም። ባልዎ ክኒን ላይውጡ ተሳሉ። እግራቸው እንደገና ማበጥ ጀመረ። እርስዎ ክኒኑን እየፈጩ የጠዋት ፍትፍታቸው ውስጥ ጨመሩላቸው።»

አዛለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች። የያዘችው ሁሉ ያን ጊዜ ፈነዳ።

«ስለቱን ያፈረስሁበት እኔ ነኝ! ሞቶ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከእመቤቴ ጋር አጣላሁት! እያበጠ ሲሄድ አንዱን ሁለት አደረግሁት። ሳህኑ ተጠርጎ ነው የሚመለስልኝ፤ በላልኝ እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። ክኒኑ ገብቶ ካላዳነው የእመቤቴ ቁጣ ነው እንጂ ምን ይባላል? በእኔ ነው የሞተ አላልሁም?»

ህሩይ እንዴት እንደሚናገር አላወቀም። በቁሙ ተናገረው።

«ክኒኑ አልገባላቸውም። ፍትፍቱን ውሻው ነው የበላው።»

እንባዋ ቆመ። «ጓዴ?»

«ሁልጊዜ። ሁለት ሲያደርጉት ጥሙ የባሰበት ለዚያ ነው።»

«እኔ እኮ ሙቀቱ ነው ብዬ ውኃ አቀርብለት ነበር።» እጇን አየች። «ምነው? አያ አድማሴ የእኔን ምግብ ምነው ለውሻ ሰጠው? አዲ አርቃይ ድረስ ገደል የሚወርደው ለእኔ እጅ አልነበረም?»

«አላውቅም» አለ ህሩይ፤ ያን ጊዜ እውነቱን ነበር። «ክኒኑን ማን ገዛልዎ?»

«ምያለሁ» አለች እንደገና፤ ከዚያ በላይ አልሄደችም። የተረፈው ክኒን ግን የጨው ቅሉ ውስጥ እንዳለ ነገረችው።

*

ያ ክኒን ያን ሰሞን ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ስማቸው ሲዞር ውሎ የሸጠ መድኃኒት ቤት አንድ ብቻ አገኘ። ባለሙያዋ እስከዳር ማሸጊያውን ስታየው ወዲያው አወቀችው።

«የሚኒባሱ ሾፌር ነዋ! ደጃፋችን ላይ አቁሞ፣ ትራፊክ እየጮኸበት፣ ሮጦ ገብቶ ነው የሚወስደው። ‹ለአባቴ ነው› ይለኛል። አባት እንዲህ የሚወድ ልጅ ብዬ መርቄዋለሁ።»

«ስለ መድኃኒቱ የነገርሽው ነገር አለ?» አለ ህሩይ።

«ሥራዬ ነው እንጂ! ደጋግሜ ነው የነገርሁት። እንዳያቋርጡ፤ ካቋረጡ ውኃው ሳንባቸው ላይ ይወጣል፣ ተኝተው ያድራሉ በዚያው ይቀራሉ ብዬዋለሁ። ‹በደንብ አስረጂኝ› ብሎ ራሱ ጠይቆኛል።»

ህሩይ ማሸጊያውን ኪሱ ከቶ ወጣ። ይታየውን ከተራው ላይ አገኘው፤ ተሳፋሪ አልገባም ነበር። ህሩይ ጋቢና ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። በሩን ዘጋ።

«ክኒኑን የገዛኸው አንተ ነህ።»

ይታየው መሪውን ይዞ ወደ ፊት አየ። «ተናገረች?»

«እሷ አልተናገረችም። መሐላዋን ጠብቃልሃለች።»

ያ ትንሽ የነካው መሰለ፤ ግን ብዙ አልቆየም። «ገዛሁ። ለአባቴ መድኃኒት መግዛት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። እሷን ‹አባቴ ካወቀ ይረግመኛል፣ ማይልኝ› አልሃት። ከዚያ አባትህን ምግብህ ውስጥ መርዝ አለ አልኸው።»

«መርዝ አላልሁም። ‹ምግብህ ውስጥ የምትጨምረው ነገር አለ› አልሁት። ሐሰት ነው? አልነበረም?» ወደ ህሩይ ዞረ። «‹ካላመንኸኝ ለጓዴ ስጠውና እየው› አልሁት። ሰጠው። በመስኮት ቁጭ ብሎ ሲያየው ይውላል። ውሻው ውኃ ውኃ ማለት ሲጀምር ያመነው ራሱ ነው፤ እኔ ቃልም አልጨመርሁ። ከዚያ ወዲህ የሚበላውን እኔ ነበርሁ የማመጣለት።»

«እሷን ለምን አላፋጠጧትም?»

«አፍሮ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ። ‹ሐረጌን የበደልሁባት ሴት ገደለችኝ በሉኝ?› እያለ ያለቅስ ነበር።» ድምፁ ሻከረ። «እናቴ ሌማቷን ከድና ስትጠብቀው፣ እሱ የዚችን እጅ ሲበላ ዓመታት አለፉ። እናቴ እየጠበቀች ሞተች። እኔ የፈለግሁት ከዚች እጅ እንዳይበላ ነው። ሲሞትም እንዳይወዳት ነው።»

«እንደሚሞትም ታውቅ ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ነግራሃለች።»

ይታየው ሞተሩን አስነሣ። «ረሳሁት። ሰው ይረሳል። አሁን ውረድልኝ፤ ተራዬ ነው።»

*

ዓቃቤ ሕጉ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ። ሰምቶም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ምኑን ልክሰሰው? መድኃኒት ገዛ። ለአባቱ እውነት ተናገረ። የሰጡትን ምክር ረሳሁ ይላል። አንተ ፊት የተናገረውን ነገ ይክዳል። የሁለቱን ንግግር የሰማው ሟቹ ብቻ ነው።»

«ውሻው አለ» አለ ህሩይ።

ዓቃቤ ሕጉ የሚቀልድ መስሎት ቀና አለ፤ ህሩይ አልቀለደም። «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲሉ ሰምተሃል» አለ ዓቃቤ ሕጉ። «ሕጉ የሚፈልገው አጥንት ያለውን ነው። በሐሰት ወነጀልህ የሚለውን ልሞክርልህ እችላለሁ። ከዚያ በላይ አትጠብቅ። ሴትዮዋን ፍታት።»

እንዲህ ሆኖ የአድማሴ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ። ገዳዩ ከአዘዞ ፒያሳ ይመላለሳል፤ ጥቁሩን ሸሚዙን የሚያይ ሁሉ ያዝንለታል። ህሩይ ያን ቀን ስማቸውን ያለ ምክንያት ተቆጣው።

አዛለችን ፀዳ ያደረሳት ራሱ ነው። ጓዴን ከክሊኒኩ አንሥተው ከኋላ ጫኑት። ድንኳኑ ፈርሷል፤ የካስማው ጉድጓዶች ግቢው ውስጥ አፋቸውን ከፍተዋል። አንዲት ጎረቤት ብቻ፣ ሐፍረት ይዟት ይሁን፣ አንድ ጆግ ጠላ ደጃፉ ላይ ትታ ሄዳለች። አዛለች ቤቱን ከፈተች። ከመስኮቱ ሥር አድማሴ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ወደ ግቢው እንደዞረ አለ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንቱ» አለች። «ያን ጊዜ አላውቅም አሉኝ። አሁንስ አወቁ?»

ህሩይ በመንገድ ሲያዘጋጀው የመጣውን አወጣ። ሲዋሽ የኖረ ወንጀለኛ ሁሉ ያየ ሰው ነውና አሳምሮ ነበር የዋሸው።

«አወቅሁ። ለስለታቸው ብለው ይጾሙ ነበር። ልብዎ እንዳይሰበር ደብቀውዎ፣ ጠዋት ጠዋት ፍትፍቱን ለውሻው ይሰጡ ነበር። ስለሚወዱዎ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።»

አዛለች ፊቷ በራ። ደርሶ ልጅ መሰለች። ህሩይ በሕይወቱ ከሠራቸው ደግ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አንቱ፣ ሃምሳ አይደለም እንዴ?» አለች። «ፋሲካ መች ራቀና? ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። በሃምሳ ማን ይጾማል? አያ አድማሴ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አያፈርስም።»

ጦም ከጠፋበት ወራት ጦም መፍጠሩን ህሩይ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። ውሸቱ ሲፈርስ ሥሩ የነበረውን እንዳታይ ፈራ፤ እሷ ግን እያየችው ነበር። ወደ ወንበሩ ዞረች፤ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ጓዴ ወደተኛበት። ከንፈሯ ቃል ሳያወጣ ተንቀሳቀሰ። ‹ቅመሽልኝ› የሚል ነበር። ገባት፤ ሁሉም ገባት። ባሏ እንደ ገዳይ እያያት መሞቱን በዚያች ሰዓት አወቀች። ይህን ሐዘን የሚያስተዛዝን ቃል በአማርኛም በግዕዝም የለም።

አላለቀሰችም። የቤት ሴት ናትና እንግዳ ቆሞ መሄድ የለበትም። ጆጉን አነሣች፣ ብርጭቆ አጠበች፣ ጠላውን ቀዳች። ልትሰጠው እጇን ዘረጋችና መንገድ ላይ መለሰችው። ከብርጭቆው በመዳፏ ጠብ አድርጋ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ዓይኑን እያየች ቀመሰች። ውጣ እስክትጨርስ ጠበቀች። ከዚያ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«ይጠጡ» አለች። «ምንም የለበትም።»

ጓዴ ከደጃፉ ተነሥቶ ከጣሳው ትንሽ ውኃ ላሰና ተመልሶ ተኛ። ህሩይ ብርጭቆውን ተቀበላት፤ ጨጓራው እያቃጠለው እስከ አተላው ጠጣው።